ጀልባ ዳገት ሲወጣ

ይህን ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ለሰፈር ሰዎች ያወራሁት ነው። መምጣት ያልቻሉ ጓደኞቼ ጻፊልን ስላሉኝ እንደተናገርኩት አስቀመጥኩት።

እንደምን ዋላችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ የድሬ ልጆች፣ መጥታችሁ ስላከበራችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከፊት የተቀመጡት ጋሼዎች ብዙዎቹ ከአባቴ ጋር የሠሩ ናቸው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ነበር፤ እኔም ያደግሁት የባቡር ጡሩምባ እየሰማሁ ነው። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ጀልባ ነው።

ድሬ ላይ ስለ ጀልባ ምን ይወራል የሚል ካለ አልፈርድበትም። የእኛ ወንዝ ደቻቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ግመል ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውሃ የመጣበትን ሌሊት ደግሞ እናውቀዋለን። በ1998 ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሰው በተኛበት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። እኔ ያኔ ውጭ ነበርኩ፤ ስልክ እስኪነሳልኝ ድረስ የነበረውን ሰዓት እስካሁን አልረሳውም። ስለዚህ ለእኛ ውሃ ወይ የለም፣ ወይ ይዞ ይሄዳል። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ሰውን ችሎ የሚያሻግር ውሃ እዚህ ከተማ አድጌ አላየሁም። ያየሁት 40 ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው።

የምኖረው ካናዳ፣ ኦታዋ ነው። መሃል ከተማው ላይ ሪዶ የሚባል ቦይ አለ። ብርዱ ሲመጣ ውሃው በረዶ ይሆንና ሰው ይንሸራተትበታል። ለብዙ ዓመት በአጠገቡ ወደ ሥራ እየተመላለስኩ ከዚህ ሌላ አላውቀውም ነበር። አንድ ቀን ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ የጀልባ ክበባቸው በሐምሌ እስከ ኪንግስተን ከተማ በጋራ እንደሚጓዝ ነገሩኝ። ባለቤታቸው ጉልበታቸውን ስለታመሙ ገመድ የሚይዝ ሰው ጎድሏቸዋል። «ገመድ መያዝ ትችያለሽ?» አሉኝ። እችላለሁ አልኩ። ዋና ግን እንደማልችል ነገርኳቸው። ከመነሳታችን ሁለት ሳምንት በፊት ላይፍ ጃኬት ይዘው መጡና በረንዳዬ ላይ ቆመን ማሰሪያውን በልኬ አስተካከሉት።

ሰባት ጀልባ ሆነን ተነሳን። ከኦታዋ ኪንግስተን በውሃው መንገድ 202 ኪሎ ሜትር ነው፤ ድሬና ሐረር ሁለቴ ደርሶ መልስ እንደማለት። በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እኛ ስድስት ቀን ፈጀብን።

ለምን ስድስት ቀን? እዚህ ጋ ቆም ብዬ ላስረዳ፤ የመጣሁበት ዋናው ነገር እሱ ነው።

ድሬ እንዴት እንደተወለደች ሁላችንም እናውቃለን። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው፤ ተራራው አላሳልፍ አለው። ሐዲዱ እታች ቀረ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደረሰ፣ ከተማዋም በዚያው ተቆረቆረች። መጀመሪያ ስሟ አዲስ ሐረር ነበር። ባቡር ዳገት ስላቃተው ነው እኛ የተገኘነው። ጀልባ ግን ዳገት ይወጣል። ወላሂ ነው የምላችሁ፣ አብሬው ወጥቻለሁ።

ኦታዋ ላይ ወንዙ ከታች ነው፣ ቦዩ ከላይ። በመካከላቸው 24 ሜትር ከፍታ አለ። ያን ከፍታ በስምንት ደረጃ ነው የሚወጡት። እያንዳንዱ ደረጃ በድንጋይ የተገነባ ትልቅ ገንዳ ነው፤ ከፊትና ከኋላ ትልልቅ የእንጨት መዝጊያ አለው። ሎክ ይሉታል፣ በፈረንሳይኛ ኤክሉዝ፤ ኦታዋ ሁሉም ነገር በሁለት ቋንቋ ስለሚጻፍ ሰሌዳው ላይ ሁለቱም አለ። ጀልባዎቹ ታችኛው ገንዳ ውስጥ ይገባሉ፣ ከኋላቸው ይዘጋል። ከዚያ ከላይኛው ገንዳ ውሃ ይለቀቅላቸዋል። ገንዳው ሲሞላ ጀልባዎቹ አብረው ከፍ ይላሉ። ውሃው ከላይኛው ጋር እኩል ሲሆን የፊቱ መዝጊያ ይከፈትና ወደሚቀጥለው ይገባሉ። ፓምፕ የለም። ውሃው በራሱ ቁልቁል ሲወርድ ጀልባውን ሽቅብ ያነሳዋል። መዝጊያዎቹንም አብዛኞቹ ሎኮች ላይ የሚከፍቱት ሰዎች ናቸው፣ የብረት እጀታ በእጃቸው እያዞሩ፣ ቦዩ እንደተከፈተበት ዘመን።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለጋሼዎች። የመዝጊያው ሁለት ክንፎች ሲገጥሙ ቀጥ ብለው አይቆሙም። ወደ ላይኛው ውሃ ሾል ብለው ነው የሚገናኙት። ስለዚህ ውሃው በገፋቸው ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃሉ፤ መቀርቀሪያ አያስፈልጋቸውም። ይሄን ሳይ አባቴን በጣም ናፈቅሁት። እሱ አጠገቡ ቆሞ ሰዓት ሙሉ የሚያየው ዓይነት ነገር ነው።

የእኔ ሥራ ገመዱ ነበር። በገንዳው ግድግዳ ላይ ከአፉ እስከ ታች የተንጠለጠለ ወፍራም ጥቁር ኬብል አለ። ሁልጊዜ ውሃ ስለሚነካው ያሙለጨልጫል። ገመዱን በኬብሉ ዙሪያ አሳልፎ ጫፉን መልሶ በእጅ መያዝ ነው። መቋጠር ክልክል ነው። የተቋጠረ ጀልባ ውሃው ሲወርድ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሲወጣ ደግሞ አፍንጫው ይደፈቃል። ሞተር ይጠፋል። ሲጋራም ክልክል ነው። ከዚያ ጸጥ ይላል፣ የሚሰማው ከመዝጊያው ስር የሚገባው ውሃ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሎክ ላይ ፈርቼ ገመዱን መዳፌ ላይ ሁለቴ ጠምጥሜ ያዝኩት። ጎረቤቴ አዩኝ። «እጅሽ ላይ አትጠምጥሚው፤ ጀልባው ከሳበሽ ጣትሽን ይዞ ነው የሚሄደው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ማለት ይቻላል። ፈታሁት። ከዚያ በኋላ ገመዱ እንዴት እንደሚናገር ተማርኩ። ጀልባው ከፍ ሲል ይላላል፣ ትንሽ እስበዋለሁ። ውሃው ሲገፋ ይወጠራል፣ ትንሽ እለቅለታለሁ። ብዙ ከሳብኩ ጀልባው ከግድግዳው ይጋጫል፣ ብዙ ከለቀቅሁ ጎን ያለው ጀልባ ላይ ይሄዳል። ስምንቱን ደረጃ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጀብን። ወደ ኋላ ሳይ የተነሳንበት ወንዝ ከእግሬ ስር ጥልቅ ውስጥ ነበር። አለቀስኩ። ምን እንዳስለቀሰኝ ያኔ አላወቅሁም።

አሁን ስለ አብሮ መሄዱ ልንገራችሁ። ቅፍለት አስቡ፣ የግመል ቅፍለት። ከፊት መሪ አለ፣ ከኋላ ጠባቂ አለ። የመጨረሻውን ጀልባ የሚነዳው ሁልጊዜ ልምድ ያለው ሰው ነው፤ ሥራው ከኋላው ማንም እንዳይቀር ማየት ነው። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ካፒቴኖች ቡናቸውን ይዘው መድረኩ ላይ ይቆማሉ፣ የቀኑ መንገድ ይነገራል፣ በሬዲዮ በየትኛው መስመር እንደሚነጋገሩ ይስማማሉ። ፍጥነቱን ግን መሪው አይወስነውም። የሚወስነው ከሁሉም ቀርፋፋው ጀልባ ነው። በዚያ ላይ በብዙ ቦታ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ክልክል ነው፤ ጀልባው ከኋላው የሚጥለው ማዕበል ዳርቻውን ይንደዋል፣ ከውሃው አፍ ላይ ጎጆ የሚሠሩትን ወፎች ያጠፋቸዋል። ማታ ሎኮቹ ጋ ታስረን እናድራለን፤ ምግብ ከጀልባ ጀልባ ይዞራል። እኔ በሁለተኛው ቀን ሽሮ ሠራሁላቸው፤ እንጀራው ከኦታዋ የያዝኩት ነው። ጨረሱት።

አራተኛው ቀን ላይ ነው ነገር የመጣው። አንዱ ሐይቅ ላይ የውሃ አረም በዝቶ ነበር። ጣና ላይ እምቦጭ ምን እንዳደረገ የሰማችሁ ይገባችኋል፤ ይሄኛው ከውሃው ስር ነው የሚያድገው፣ ከላይ ብዙም አይታይም። የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ ራሱ በሚስበው ውሃ ነው። አረሙ መሳቢያውን ደፈነውና ከሁላችን የምታንሰው ጀልባ፣ የሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ናት፣ ሞተሯ ግሎ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። አጠፉት። መሪው በሬዲዮ ሁሉም ይቁም አለ። ስድስታችንም ቆምን። ሁለቱ ተጠግተው አሰሯት፣ አንዱ ሰውዬ እጁን እስከ ትከሻው ውሃ ውስጥ ከትቶ አረሙን በጣቱ እየነቀለ ማውጣት ጀመረ። ወደ ሁለት ሰዓት ቆየን። ቀጣዩ ሎክ የሥራ ሰዓቱ እያለቀ ነበር።

ከእኛ መካከል ትልቅና ፈጣን ጀልባ ያለው አንድ ሰው ነበር። «እናንተ አግዟቸው፣ እኔ ልቅደምና ሎኩን ልድረስበት» አለ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም በልቤ ከእሱ ጋር ነበርኩ። ደክሞኛል፣ ፀሐዩ አናቴን በልቶኛል። መሪው ግን አንድ ነገር አለው፤ እስካሁን በየሳምንቱ የማስበው። «ብቻህን ብትገባም ያው አንድ ገንዳ ውሃ ነው የሚፈሰው።»

እስቲ አስቡት። ሎኩ በተከፈተ ቁጥር አንድ ሙሉ ገንዳ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ጀልባ ቢገባበትም ሰባት ጀልባ ቢገባበትም ልዩነት የለውም። በደረቅ ዓመት ሰባት ጀልባ ለየብቻው ሰባት ጊዜ ቢያልፍ ሐይቁ ይጎድላል። ስለዚህ የሎኩ ሠራተኞች ራሳቸው ጀልባ እስኪጠራቀም ይጠብቃሉ። ቀድሞ የደረሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሌላ ምንም አያገኝም። ጄሪካን ተሸክሞ ያደገ የድሬ ልጅ ይሄን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም። እኔ ስሰማው ወዲያው ነው ዝም ያልኩት። ሰውዬው አልተስማማም፤ እስከ ማታ ፊቱን አጥቁሮ ዋለ፣ ግን አልቀደመም። ሎኩ ተዘግቶ ደረስን፣ ከውጭ አደርን፣ ጠዋት ሰባታችንም ተጠጋግተን በአንድ ገንዳ ውሃ ወረድን።

ወረድን ያልኩት መውረጃው ክፍል ውስጥ ስለ ገባን ነው፤ እስከ ኒውቦሮ የሚባለው ቦታ ድረስ መውጣት ነው፣ ከዚያ መውረድ ይጀመራል። ሲወጡ ቀዩን ተንሳፋፊ ምልክት በቀኝ እያደረጉ ነው የሚሄዱት። ኒውቦሮ ላይ ይገለበጣል፣ ቀዩ በግራ ይሆናል። ያን ያልሰማ ሰው ድንጋይ ላይ ይወጣል።

ኒውቦሮ ላይ ሌላም ነገር አለ። ይህ ቦይ ለሽርሽር አልተሠራም። ከ1812ቱ የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ድንበር ላይ ያለው የሴንት ሎውረንስ ወንዝ ቢዘጋብንስ ብለው ሰጉና በውስጥ በኩል መንገድ አበጁ። እ.ኤ.አ. በ1826 ተጀምሮ በ1832 አለቀ። መሐንዲሱ ኮሎኔል ጆን ባይ ነው። ከመንገዱ ሁሉ የተቆፈረው 19 ኪሎ ሜትር ያህሉ ብቻ ነው። ሌላውን ወንዙን በየቦታው እየገደበ ወደ ኋላ እንዲሞላ አደረገው፤ ፏፏቴና ጅረት የነበረው ሁሉ ጸጥ ያለ ውሃ ሆነ። የሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ከአየርላንድ የመጡ ደሆችና ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የአገሬው ሠራተኞች ናቸው፤ ድንጋዩን የጠረቡት ብዙዎቹ የስኮትላንድ ሰዎች ናቸው። አካፋ፣ ዶማ፣ ባሩድ። ኒውቦሮ ላይ አለቱም አልቆረጥ አለ፣ ወባም ገባባቸው። አዎ፣ ወባ፣ ካናዳ ውስጥ! ኮንትራክተሩ ጥሎ ሄደ፣ ወታደሮች ተተኩ። በጠቅላላው ወደ 1,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል፣ ብዙው በበሽታ። እኔ ልጅ ሆኜ ወባ ይዞኝ ያውቃል፤ ያ መንቀጥቀጥ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ሎኩ አፋፍ ላይ ቆሜ ስለ እነሱ ጸለይኩ። ስለ እኛም ሐዲድ ሠራተኞች ጸለይኩ፤ በዚህ በረሃ ሐዲድ ሲያነጥፉ የቀሩት ስማቸውን ማን ያውቀዋል?

ባይ ራሱ ገንዘብ አብዝተሃል ተብሎ ለንደን ተጠራ፣ ሳይመሰገን በ1836 ሞተ። ሥራው ሲጀመር የተቆረቆረችው ከተማ በስሙ ባይታውን ትባል ነበር፤ ኦታዋ የሆነችው በ1855 ነው። እንደ አዲስ ሐረር።

ጋሼዎች፣ አሁን የምለው ለእናንተ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሞቶበት የተሠራው ቦይ ሃያ ዓመት አካባቢ ሲሞላው ባቡር መጣ። በ1850ዎቹ ባቡሩ ኦታዋ ገባና ጭነቱን ቀማው። እናንተ ደግሞ መኪናው እንዴት ጭነታችሁን እንደቀማ አይታችኋል። ቀጥሎ አሮጌው ሐዲድ ዝም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ጣቢያው ከከተማ ውጭ ሆነ። አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላም ጠዋት ጠዋት ለገሃር ድረስ በእግሩ ይሄድ ነበር። ሄዶ በሩን አይቶ ይመለሳል።

ያኛው ቦይ ግን እስከ ዛሬ በየዓመቱ በግንቦት ይከፈታል፣ በጥቅምት ይዘጋል። በ2007 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እኔ በስድስት ቀን ውስጥ ያየሁት ግን ከመመዝገቡ ሌላ ነው። እንደ እኛ ያሉ ሰዎች በየበጋው ይሄዱበታል። አያት የልጅ ልጁን ይዞ ይመጣል፣ ልጁ ገመድ መያዝ ይማራል፣ ሲያድግ የራሱን ልጅ ያመጣል። ሰው ስለሚያልፍበት መዝጊያው ይጠገናል፣ እጀታው ዘይት ይቀባል፣ አዳዲስ ወጣቶች ይቀጠራሉ። አሮጌ ነገር ተቆልፎበት የሚጠበቅ የሚመስለን ብዙ ነን። እኔ አሁን እንደዚያ አላምንም። የእኛ ጥገና ክፍል ውስጥ ያሉት አሮጌ ሎኮሞቲቮች አጠገብ የከተማው ልጆች በየሳምንቱ ቢገቡ፣ እናንተም እያላችሁ ብታስረዷቸው እመኛለሁ። ጊዜው አጭር ነው። አባቴ የሚያውቀውን ይዞ ሄዷል።

አገራችን የውሃ መንገድ አታውቅም እንዳይመስላችሁ። ባሮ ላይ በክረምት ከካርቱም ጋምቤላ ድረስ መርከብ ይመጣ ነበር፣ ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ አለ። ግን እነሱ ሩቅ ናቸው። የእኛ ቅርብ ሌላ ነው፦ ሐረማያ። ልጆች ሆነን ዓለማያ የምንለው። ከትምህርት ቤት ወስደውን ነበር፣ ወፎቹን አስታውሳለሁ። ከዚያ ደረቀ። በፓምፕ ተስቦ ለሐረር ሄደ፣ ለጫትና ለአትክልት ተሳበ፣ ከተራቆተው ኮረብታ ደለል ገባበት፤ የቀረው ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ሐረርም ውሃ አጥታ ከእኛ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ተሳበላት። ባቡር ያቃተውን ዳገት ውሃው በፓምፕ ይወጣዋል ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሐይቁ ተመልሷል። ባለፈው ሳምንት ወጥቼ አየሁት። ልክ እንደ ድሮው ነው አልልም፤ ግን ውሃ ነው፣ ሰማይ ይታይበታል።

ከተናገርኩ በኋላ ጥያቄ ነበር። አንዲት ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፣ «እትዬ፣ ደቻቱን በሎክ ብንገድበው ጀልባ ይሄድበታል?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው ብዬ እውነቱን ነገርኳት። አይሄድም። ደቻቱ ውሃ የሚኖረው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፣ ሲመጣም አሸዋና ድንጋይ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የሠራነውን ገንዳ ሁሉ ይሞላዋል። የድሬ ውሃ ከመሬት በታች ነው ያለው፤ ከሳቢያን ጉድጓዶች የምንጠጣው እሱን ነው። ከላይ ያሉት ኮረብታዎች ዛፍ ከለበሱ ግን ጎርፉ ይቀንሳል፣ ከታች ያለውም ሊጨምር ይችላል። «ታዲያ ጀልባው የት ነው?» አለች።

ስለዚህ ቅዳሜ ሐረማያ እንሄዳለን። ባለ ጀልባ ካገኘን እንሳፈራለን፣ ካላገኘን ዳር ላይ ገመድ አያያዝ አሳያችኋለሁ። ስድስት ላይፍ ጃኬት ይዤ መጥቻለሁ፣ አራቱ የልጆች ናቸው፤ ሁሉም ልጅ በየተራው ለብሶ ማሰሪያውን ራሱ ማጥበቅ ይለማመዳል። ጋሼዎችም ኑ፤ ኮረብታው ላይ ጥላ አለ። መነሻችን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ለገሃር ፊት ለፊት ነው። ሚኒባሱ 12 ሰው ብቻ ስለሚይዝ የሚመጣ አስቀድሞ ይንገረኝ፣ ሁለተኛ መኪና እንፈልጋለን። ሁለት መኪና ከሆንን ደንገጎ ላይ እንጠባበቃለን። ሹራብ ያዙ፣ ላይ ሲወጡ ብርድ ነው።